የእንቁላል አያያዝ በአይ ቪ ኤፍ ሕክምና

የእንቁላል አያያዝ በመካንነት ሕክምና ውስጥ፣ ከሴት ኦቫሪ የተወሰደ እንቁላል ከወንድ ዘር ጋር ተገናኝቶ ጽንስ እስኪሆን ወይም በጥልቅ ቅዝቃዜ እስኪቀመጥ ድረስ በላቦራቶሪ የሚደረግለት ሥራ ሁሉ ነው። እንቁላሉን ከፈሳሽ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት፣ ማጠብ፣ ሙቀቱንና አሲዳማነቱን መጠበቅ፣ ብስለቱን መለየት፣ ከወንድ ዘር ጋር ማገናኘትና ማቀዝቀዝ በዚህ ሥራ ውስጥ ይካተታሉ። ሥራውን የሚያከናውነው ባለሙያ ኤምብሪዮሎጂስት ይባላል።

የአይ ቪ ኤፍ ሕክምናን ውጤት ከሁሉ በላይ የሚወስነው የሴቷ ዕድሜ ነው። ዕድሜ በጨመረ ቁጥር የክሮሞሶም ብዛታቸው የተዛባ እንቁላሎች ይበዛሉ፤ ይህንን ደግሞ የትኛውም ላቦራቶሪ ሊያቃናው አይችልም። የላቦራቶሪው ድርሻ በጤና የመጣውን እንቁላል ሳይጎዱ ማሳለፍ ነው። ድርሻው ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በእንቁላል ላይ የሚደርስ ጉዳት በደቂቃዎች ውስጥ የሚፈጸም፣ በተራ ማይክሮስኮፕ የማይታይና ብዙውን ጊዜ የማይጠገን ነው። ስለዚህ በዕድሜም በሕመምም የሚመሳሰሉ፣ አንድ ዓይነት መድኃኒት የወሰዱ ሴቶች በሁለት ላቦራቶሪዎች የተለያየ ውጤት ሊያገኙ ይችላሉ።

የእንቁላሉ ተፈጥሮ

የሰው እንቁላል ከሰውነት ህዋሳት ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ ከ0.1 ሚሊሜትር ብዙም ስለማይርቅ ዓይኑ የተሳለ ሰው ያለ ማይክሮስኮፕ እንደ ደቃቅ ነጥብ ሊያየው ይችላል። ዞና ፔሉሲዳ የሚባል ጠንካራና ብርሃን አስተላላፊ ቅርፊት ይሸፍነዋል። ከቅርፊቱ ውጭ ደግሞ ኩሙለስ የተባሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ህዋሳት በሚያጣብቅ ዝልግልግ ነገር ተያይዘው ይከቡታል። በኦቫሪ ውስጥ እንቁላሉን የሚመግቡት እነዚህ ህዋሳት ናቸው።

የበሰለ እንቁላል የህዋስ ክፍፍሉን በመካከል አቁሞ የሚጠባበቅ ህዋስ ነው። ክሮሞሶሞቹ ስፒንድል በሚባል፣ ከቀጫጭን የፕሮቲን ክሮች በተሠራ መዋቅር ላይ ተሰልፈው ይቆያሉ። የወንድ ዘር ሲገባ ስፒንድሉ ሥራውን ይቀጥልና ክሮሞሶሞቹን በእኩል ይከፍላል፤ ከዚያም ግማሹ በእንቁላሉ ውስጥ ይቀራል፣ ግማሹ ፖላር ቦዲ በምትባል ትንሽ ክፍል ይወገዳል። ስፒንድሉ በዚህ ጊዜ ላልቶ ወይም ፈርሶ ከተገኘ ክሮሞሶሞቹ ያለ ሥርዓት ሊከፋፈሉ ይችላሉ። እንቁላሉ ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው፤ ጽንሱ ግን ከቀናት በኋላ ማደጉን ያቆማል፣ ወይም ማህፀን ላይ አይጣበቅም፣ ወይም ይጨነግፋል። በዚያን ጊዜ ጥፋቱ የላቦራቶሪው ይሁን የተፈጥሮ ለመለየት በጣም አስቸጋሪ ነው።

ታሪክ

ከሰውነት ውጭ የሰው እንቁላል ከወንድ ዘር ጋር ተዋሕዶ ክፍፍል መጀመሩን መጀመሪያ ያሳወቁት አሜሪካውያኑ ጆን ሮክና ረዳቱ ሚርያም መንኪን ናቸው። መንኪን ለስድስት ዓመታት ያህል ሳይሳካላት ከሞከረች በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በየካቲት 1944 ጥርስ በሚያወጣ ልጇ ምክንያት ሌሊቱን ሳትተኛ አድራ ወደ ሥራ ገባች። ዘሩን ከወትሮው ባነሰ አጠበችው፣ ከእንቁላሎቹም ጋር ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ ተወችው። በኋላ ስታይ እንቁላሉ ተከፍሎ አገኘችው። ውጤቱን በኋላ የተጠራጠሩ ባለሙያዎች ቢኖሩም፣ የአያያዝ ትንሽ ለውጥ ምን ያህል እንደሚያመጣ ከሚያሳዩት ታሪኮች ይህ ቀዳሚው ነው።

በእንግሊዝ ሮበርት ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1965 የሰው እንቁላል ከሰውነት ውጭ ለመብሰል የሚያስፈልገውን ጊዜ የሚያሳይ ጥናት አወጣ። ከዚያ በኋላ ግን እንቁላሉን ከዘር ጋር ማዋሐድ ለዓመታት እምቢ አለው። መፍትሔው የመጣው ከሃምስተር ነው። ተማሪው ባሪ ባቪስተር በሃምስተር እንቁላሎች ላይ ሲሠራ የማሳደጊያው ፈሳሽ አሲዳማነት ሲቀንስ ውሕደቱ በጣም እንደሚጨምር ተረዳ። ኤድዋርድስ ይህንኑ ፈሳሽ ለሰው እንቁላል ተጠቀመበት፤ ኤድዋርድስ፣ ባቪስተርና ሐኪሙ ፓትሪክ ስቴፕቶ እ.ኤ.አ. በ1969 ውጤቱን በኔቸር መጽሔት አሳተሙ።

በዓለም የመጀመሪያዋ የአይ ቪ ኤፍ ልጅ ሉዊዝ ብራውን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 25 ቀን 1978 በኦልድሃም ሆስፒታል ተወለደች። ከእናቷ የተወሰደው እንቁላል አንድ ብቻ ነበር፤ እንቁላል የሚያበዛ መድኃኒት አልተሰጣትምና። በላቦራቶሪው ውስጥ እንቁላሉን ትንከባከብ የነበረችው ነርስና ኤምብሪዮሎጂስት ጂን ፐርዲ ናት። ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ2010 የኖቤል ሽልማት ሲቀበል ስቴፕቶም ፐርዲም በሕይወት አልነበሩም። የፐርዲ ስም ለረጅም ጊዜ ከሁለቱ ወንዶች ስም ጋር ሳይጠራ ቆይቷል።

ሙቀት

እንቁላሎቹ የሚወሰዱት ለማብሰያ የሚሰጠው የሆርሞን መርፌ ከተወጋ ከ34 እስከ 38 ሰዓት በኋላ ነው። ሐኪሙ በአልትራሳውንድ እየተመራ በሴቷ ብልት በኩል ረጅም መርፌ ወደ ኦቫሪ ያስገባና በፎሊክሎቹ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ ይመጥጣል። ፈሳሹ በቀጭን ቱቦ አልፎ ወደ መያዣ ብልቃጥ ይገባል፤ ብልቃጡ ለኤምብሪዮሎጂስቱ ይሰጣል፤ እሱም በሰፊ ሳህን ላይ አፍስሶ በማይክሮስኮፕ ሥር እንቁላሉን ይፈልጋል። እንቁላሉ ከነኩሙለሱ በደም መካከል እንደ ጠብታ የዶሮ እንቁላል ነጭ ሆኖ ይታያል።

በዚህ አጭር ጉዞ ውስጥ የመጀመሪያው ጠላት ቅዝቃዜ ነው። የስፒንድል ክሮች በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የቆሙ ናቸው፤ ሲቀዘቅዙ ይፈርሳሉ። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ የፒከሪንግና የባልደረቦቿ ጥናት የሰው እንቁላሎችን በተራ ክፍል ሙቀት ለ10 ወይም ለ30 ደቂቃ አቆይቶ መረመረ። የስፒንድል ጉዳት ታየባቸው፤ ወደ 37 ዲግሪ ተመልሰው ለሰዓታት ከቆዩ በኋላም ብዙዎቹ ወደ ቀድሞ ሁኔታቸው አልተመለሱም። ቡና ለማፍላት እንኳ የማይበቃ 10 ደቂቃ ለእንቁላል ብዙ ነው ማለት ነው።

ስለዚህ ብልቃጦቹ አስቀድመው ይሞቃሉ፣ ከሐኪሙ እጅ እስከ ማይክሮስኮፑ ያለው ርቀት እንዲያጥር የቀዶ ክፍሉና ላቦራቶሪው ጎን ለጎን ይሠራሉ፣ የማይክሮስኮፑ መድረክና የሥራ ጠረጴዛውም የሚሞቁ ናቸው። የተለመደው ስህተት መሣሪያው በሚያሳየው ቁጥር መተማመን ነው። መድረኩ 37 ዲግሪ ቢልም በላዩ የተቀመጠው የፕላስቲክ ሳህን ከብረቱ ጋር ሙሉ በሙሉ አይገናኝም፣ በላዩም አየር ይነፍሳል፤ ስለዚህ እንቁላሉ ያለበት ጠብታ ከዚያ ዝቅ ሊል ይችላል። ጠንቃቃ ላቦራቶሪ ቀጭን የሙቀት መለኪያ ሽቦ በጠብታው ውስጥ ከትቶ ይለካል፣ መድረኩንም በዚያው ልክ ከ37 ከፍ አድርጎ ያስተካክላል። ከልክ በላይ ማሞቅም እንደ ቅዝቃዜው ይጎዳል፤ ጥቂት ዲግሪ ጭማሪ እንኳ ህዋሱን ያስጨንቀዋል።

ጽንስ በማህፀን ቱቦ ውስጥ ካለው ሙቀት ጋር የሚቀራረብ ትንሽ ቀዝቀዝ ያለ ሙቀት ይሻለው እንደሆነ ተጠይቆ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት የእያንዳንዷን ሴት እንቁላሎች በእጣ ለሁለት ከፍሎ በ36 እና በ37 ዲግሪ አሳደጋቸው። በ36 ዲግሪ ያደጉት ወደ ብላስቶሲስት ደረጃ የደረሱት በቁጥር አነሱ። እስካሁን መደበኛው 37 ዲግሪ ነው።

አሲዳማነትና ጋዝ

የእንቁላል ማሳደጊያ ፈሳሽ ፒኤች ብዙውን ጊዜ በ7.2 እና በ7.4 መካከል እንዲሆን ይደረጋል። ይህን ሚዛን የሚጠብቀው በፈሳሹ ውስጥ ያለው ባይካርቦኔትና በኢንኩቤተሩ አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ናቸው። ሳህኑ ከኢንኩቤተር ሲወጣ ጋዙ ከፈሳሹ ያመልጣል፣ ፒኤቹም በደቂቃዎች ውስጥ ይወጣል። የበሰለ እንቁላል ደግሞ የውስጡን አሲዳማነት በራሱ የማስተካከል አቅሙ ደካማ ነው፤ በዙሪያው ያሉት የኩሙለስ ህዋሳት ያግዙታል፣ እነሱ ከተነሱ በኋላ ግን የፈሳሹ ለውጥ በቀጥታ ወደ እሱ ይደርሳል።

ለዚህ ሁለት መከላከያዎች አሉ። አንደኛው ፈሳሹን በማዕድን ዘይት መሸፈን ነው፤ ዘይቱ ጋዙም ሙቀቱም ቶሎ እንዳያመልጥ፣ ጠብታውም እንዳይተን ያደርጋል። ሁለተኛው ከኢንኩቤተር ውጭ ለሚሠራ ሥራ ሄፔስ ወይም ሞፕስ የተባለ ማመጣጠኛ ያለበት ሌላ ፈሳሽ መጠቀም ነው። ሁለቱን ፈሳሾች ማደባለቅ የታወቀ የጀማሪ ስህተት ነው፤ ለውጭ ሥራ የተዘጋጀው ፈሳሽ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ባለበት ኢንኩቤተር ውስጥ ቢገባ ከልክ በላይ አሲዳማ ይሆናል።

የጋዙ መጠን በመቶኛ ስለሚነገር የአገሩ ከፍታ ይረሳል። በባህር ጠረፍ አካባቢ ባለ ከተማ 6 ከመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ትክክለኛውን ፒኤች ይሰጣል እንበል። አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ከፍታ አልፋ የምትገኝ ከተማ ናት፤ የአየር ግፊቷም ከባህር ጠረፍ ግፊት ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። በፈሳሹ ውስጥ የሚሟሟው ጋዝ በመቶኛው ሳይሆን በግፊቱ ስለሚወሰን፣ ያው 6 ከመቶ በአዲስ አበባ የሚሠራው በባህር ጠረፍ 4.5 ከመቶ የሚሠራውን ያህል ብቻ ነው። ተመሳሳይ ፒኤች ለማግኘት መጠኑ ወደ 8 ከመቶ ከፍ ማለት አለበት። በሜክሲኮ ሲቲና በቦጎታ የሚሠሩ ላቦራቶሪዎችም ይኸው ችግር አለባቸው። የአምራቹን መመሪያ ቃል በቃል የተከተለ ላቦራቶሪ በደጋ አገር እንቁላሎቹን አሲድ በጎደለው ፈሳሽ ውስጥ ያሳድጋል፤ አስተማማኙ መንገድ የፈሳሹን ፒኤች ራሱን መለካት ነው።

ኦክስጅንም ተመሳሳይ ጥያቄ ያስነሳል። ተራ አየር ወደ 21 ከመቶ ኦክስጅን አለው፤ በማህፀን ቱቦ ውስጥ ግን መጠኑ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የኮክሬን ግምገማ የተለያዩ ጥናቶችን አሰባስቦ ኦክስጅኑን ወደ 5 ከመቶ ዝቅ ማድረግ በሕይወት የሚወለዱ ልጆችን ቁጥር እንደሚጨምር አመለከተ። ዛሬ ብዙ ላቦራቶሪዎች ኦክስጅን የተቀነሰበት ኢንኩቤተር ይጠቀማሉ።

ጊዜ

ከኦቫሪ የወጣ እንቁላል ይሻግታል ማለት ይቻላል። ብስለቱ ሳይጠናቀቅ ከዘር ጋር ቢገናኝ ውሕደቱ ይበላሻል፤ ብዙ ሰዓት ቢቆይም ስፒንድሉ ይዳከማል። ስለዚህ ከተወሰደ በኋላ ጥቂት ሰዓታት ይታገሡታል፣ ሥራውም በዚያው ቀን ይጠናቀቃል። የሌሊቱን መርፌ በሰዓቱ መውጋት በቤት ውስጥ በሴቷ ወይም በባሏ የሚደረግ ነገር ቢሆንም የላቦራቶሪው የሥራ ሰዓት ሁሉ የሚቆጠረው ከእሱ ነው፤ አንድ ሰዓት የተሳሳተች ሴት ለክሊኒኩ ሳትደብቅ መንገር ያለባት ለዚህ ነው።

ከወንድ ዘር ጋር ማገናኘት

በተለመደው ዘዴ እንቁላሎቹ ከነኩሙለሳቸው ከብዙ ሺህ የወንድ ዘሮች ጋር በአንድ ሳህን ውስጥ ይተዋሉ፤ አንዱ ራሱ ይገባል። ኢክሲ በተባለው ሁለተኛው ዘዴ ኤምብሪዮሎጂስቱ አንድ ዘር መርጦ በመርፌ ወደ እንቁላሉ ውስጥ ያስገባል። ይህ ዘዴ በብራስልስ በጃንፒዬሮ ፓሌርሞና በባልደረቦቹ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1992 ይፋ ሆነ፤ ዘራቸው እጅግ ጥቂት ወይም ደካማ ለሆነ ወንዶችም የአባትነትን በር ከፈተ።

ኢክሲ እንቁላሉን ብዙ እጅ የሚያስነካ ሥራ ነው። መጀመሪያ ኩሙለሱ ሃያሉሮኒዴዝ በተባለ ኢንዛይም ይፈታል። እንቁላሉ በኢንዛይሙ ውስጥ የሚቆየው ለግማሽ ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ ታጥቦ የቀሩት ህዋሳት በጠባብ የመስታወት ቧንቧ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ በመሳብ ይነሳሉ። ቧንቧው ከልክ በላይ ከጠበበ ወይም እጁ ከቸኮለ እንቁላሉ ይጨመቃል። የእንቁላሉ ብስለት የሚታወቀው በዚህ ጊዜ ነው፤ ፖላር ቦዲው ከታየ በስሏል። ከተወሰዱት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከአምስቱ አንዱ ገደማ ሳይበስል ይገኛል፤ ለባልና ሚስት «12 እንቁላል ተገኝቷል» ተብሎ በማግስቱ ቁጥሩ የሚያንሰው በከፊል ከዚህ የተነሳ ነው።

መርፌው ሲገባ ፖላር ቦዲው በሰዓት 12 ወይም 6 አቅጣጫ እንዲሆን ተደርጎ በ3 አቅጣጫ ይወጋል። ምክንያቱ ስፒንድሉ አብዛኛውን ጊዜ ከፖላር ቦዲው አጠገብ ስለሚገኝ መርፌው እንዳይነካው ነው። ሁልጊዜ ግን እዚያ አይገኝም፤ በተለይ ኩሙለሱ ሲነሳ ፖላር ቦዲው ከቦታው ሊንሸራተት ይችላል።

ከ16 እስከ 18 ሰዓት በኋላ እንቁላሎቹ ይታያሉ። ሁለት ክብ ኒውክሊየሶች ከታዩ፣ አንዱ ከእናት አንዱ ከአባት፣ ውሕደቱ ትክክል ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የቪየና ስምምነት በኢክሲ ከተወጉት የበሰሉ እንቁላሎች ቢያንስ 65 ከመቶው በትክክል መዋሐድ እንዳለባቸው፣ መልካም ላቦራቶሪ ደግሞ ወደ 80 ከመቶ እንዲደርስ ያስቀምጣል። በመርፌው ምክንያት የሚሞቱት ከ10 ከመቶ መብለጥ የለባቸውም፤ ግቡ 5 ከመቶ ወይም ከዚያ በታች ነው። ሕክምና የሚፈልጉ ሰዎች ክሊኒክን ሊጠይቋቸው ከሚገቡ ቁጥሮች እነዚህ ይገኙበታል፤ «ስንት ሴት አረገዘች» ከሚለው ይልቅ የላቦራቶሪውን እጅ በቅርብ ያሳያሉ።

ብዙ ክሊኒኮች የወንዱ ዘር ደህና ሲሆንም ኢክሲን ያደርጋሉ። በቬትናም በ1,064 ባልና ሚስቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2021 በላንሴት የታተመ ጥናት ግን የወንዱ ዘር ደህና በሆነበት ጊዜ ኢክሲ ከተለመደው ዘዴ የተሻለ የወሊድ ውጤት እንደማይሰጥ አሳይቷል። ልዩነቱ 35 ከመቶ በ31 ከመቶ ሲሆን፣ ይህ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነበር።

አየር፣ ብርሃንና ዕቃዎች

ማዕድን ዘይቱ፣ ፕላስቲኩና ጓንቱ ሁሉ ሊመርዙ ይችላሉ። ስለዚህ አዲስ ዕቃ በመጀመሪያ በአይጥ ጽንሶች ወይም በወንድ ዘር ላይ ይፈተናል። ከአየር የሚገቡ ተለዋዋጭ ኬሚካሎች በዘይቱ ውስጥ ስለሚሟሙ ሽቶ፣ የቀለም ሽታና ጠንካራ የጽዳት ፈሳሽ በላቦራቶሪው አካባቢ አይፈቀዱም፤ ታካሚዎችም በዚያ ቀን ሽቶ እንዳይቀቡ ይነገራቸዋል። የብርሃን ጉዳት ያን ያህል በማስረጃ የተረጋገጠ አይደለም፤ ማህፀን ጨለማ ነው በሚል ምክንያት ብርሃኑ ይቀነሳል። እ.ኤ.አ. በታህሣሥ 2023 በአሜሪካ ማግኒዥየም የጎደለው የማሳደጊያ ፈሳሽ ከገበያ መሰብሰቡ፣ ላቦራቶሪው ራሱ ምንም ሳያጠፋ ጽንሶች ሊጠፉ እንደሚችሉ አሳይቷል።

ማቀዝቀዝ

እንቁላል ብዙ ውሃ ስላለው በዝግታ ሲቀዘቅዝ በውስጡ የበረዶ ቅንጣቶች ይፈጠሩና ይቀዱታል። ከቀዘቀዘ እንቁላል የመጀመሪያው ወሊድ እ.ኤ.አ. በ1986 በአውስትራሊያ በክሪስቶፈር ቼን ቢገለጽም ለሃያ ዓመታት ያህል ውጤቱ ደካማ ሆኖ ቆየ። ለውጡን ያመጣው ቪትሪፊኬሽን ነው። እንቁላሉ ውሃውን በሚተካ ጠንካራ ፈሳሽ ውስጥ ለደቂቃዎች ከቆየ በኋላ በጣም ትንሽ ጠብታ ሆኖ በ196 ዲግሪ ከዜሮ በታች ባለ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይነከራል፤ በረዶ ለመሆን ጊዜ ሳያገኝ እንደ መስታወት ይጠነክራል። በዚህ ረገድ የጃፓናዊው ማሳሺጌ ኩዋያማ ሥራ የታወቀ ነው። የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2012 እንቁላል ማቀዝቀዝን «የሙከራ ሕክምና» ማለቱን አቆመ።

በቪትሪፊኬሽን የእጅ ልምድ ከሌላው ሥራ ሁሉ የበለጠ ይታያል። የማቀዝቀዣው ፈሳሽ ራሱ መርዛማ ስለሆነ ጥቂት መዘግየት ይጎዳል፤ በሚቀልጥበት ጊዜ ደግሞ ሙቀቱ በፍጥነት ካልወጣ በረዶው ያኔ ይፈጠራል። ልምድ ባላቸው እጆች አብዛኞቹ እንቁላሎች በሕይወት ይወጣሉ። ቅርፊታቸው ስለሚጠነክር የቀዘቀዙ እንቁላሎች አብዛኛውን ጊዜ በኢክሲ ይወጋሉ።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2018 በአንድ ቅዳሜና እሑድ በአሜሪካ በክሊቭላንድ አካባቢና በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኙ ሁለት ማስቀመጫዎች ተበላሹ። በሺዎች የሚቆጠሩ እንቁላሎችና ጽንሶች ተጎዱ። ከባለቤቶቹ መካከል በካንሰር ሕክምና ምክንያት ሌላ እንቁላል ሊያገኙ የማይችሉ ሴቶች ነበሩበት። በሳን ፍራንሲስኮ ጉዳይ የተሰየመው የዳኞች ሸንጎ እ.ኤ.አ. በ2021 ለአምስት ሰዎች ወደ 15 ሚሊዮን ዶላር ካሣ ፈረደ። ከዚያ ወዲህ ጥንቃቄ የሚያደርጉ ክሊኒኮች የአንዲትን ሴት እንቁላሎች በሁለት ጋን ከፍለው ያስቀምጣሉ፣ የናይትሮጅኑን መጠን ከመሣሪያው ማስጠንቀቂያ ሌላ በዓይንም ያረጋግጣሉ።

መለያ

እያንዳንዱ ሳህንና ብልቃጥ የባለቤቱን ስምና መለያ ቁጥር ይይዛል። እንቁላል ከአንዱ ዕቃ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ሁለተኛ ሰው ቆሞ ይመሰክራል፤ አንዳንድ ላቦራቶሪዎች በሬዲዮ ሞገድ የሚነበብ መለያ ይጠቀማሉ። በአንድ ሥራ ቦታ የሁለት ሴቶች እንቁላል በአንድ ጊዜ አይቀመጥም።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የመንግሥት የአይ ቪ ኤፍ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2019 (በ2011 ዓ.ም.) አዲስ አበባ በሚገኘው በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ተከፈተ። ከዚያ በፊት አቅም ያላቸው ባልና ሚስቶች ለዚህ ሕክምና ወደ ውጭ አገር ይሄዱ ነበር። ከላይ የተገለጸው የከፍታ ማስተካከያ እዚህ የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። የመብራት መቋረጥም አለ፤ ኢንኩቤተሮች ለሰከንድ እንኳ እንዳይጠፉ ባትሪና ጄኔሬተር በተከታታይ ሊረከቡ ይገባል። የማሳደጊያ ፈሳሹ ከውጭ የሚገባ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ቅዝቃዜ ውስጥ የሚጓጓዝና ብዙ ወራት የማይቆይ በመሆኑ፣ በጉምሩክ የዋለ ካርቶን ከመከፈቱ በፊት በውስጡ ያለው የሙቀት መዝጋቢ ይነበባል።